ወተት የሌለበት ቸኮሌት በቤት ውስጥ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዓምድ ስለ ጾም ብስኩት ከጻፍኩ ወዲህ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት፣ ወተትም ቅቤም ሳይገባበት ቸኮሌት በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው። የጠያቂዎቹ ምክንያት አንድ አይደለም፤ ሁዳዴን ከነልጆቻቸው የሚጾሙ አሉ፣ ወተት የማይስማማው ልጅ ያላቸው አሉ፣ ሠርተው በመሸጥ ገቢ ለማግኘት ያሰቡም አሉ። በሁሉም ደብዳቤዎች ውስጥ ግን ወተት የሌለው ቸኮሌት ጎደሎ ይሆናል የሚል ስጋት ተደጋግሞ አይቻለሁ። ኮኮዋ ለብዙ ዘመናት በመጠጥነት ሲታወቅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1847 እንግሊዝ አገር በቅርጽ ረግቶ የሚበላ ቸኮሌት ሲሠራ ወተት አልነበረበትም፤ ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ፒተር ወተት የጨመረበት እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ስለዚህ እኛ የጾም ቸኮሌት የምንለው በዕድሜ የወተቱን ይቀድመዋል፤ ለሥራውም የሚያስፈልገው ቅባቱን ማወቅ፣ እሳቱን መቆጣጠርና ውሃን ማራቅ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ በጾም ቀን ቸኮሌት ሲያምራቸው ጥቁር ቸኮሌት ገዝቼ በድስት አቀለጥኩላቸው፤ ወፍራም ሆኖ ስላስቸገረኝ ጥቂት ውሃ ጠብ ባደርግበት እንደ ገንፎ ጓጉሎ ቀረ። እንዲህ የሆነው ወተት ስለሌለው ነው? ደግሞስ የተሠራውን ሳልገዛ ከኮኮዋ ዱቄት ራሴ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቸኮሌቱን ያበላሸችው ያቺ ጠብ ያደረጉባት ውሃ ናት። ቸኮሌት ማለት እጅግ የደቀቀ ስኳርና ኮኮዋ በቅባት ውስጥ ተበትኖ ያለበት ነገር ነው፤ ጥቂት ውሃ ሲገባበት የስኳሩ ብናኝ ውሃውን ስቦ እርስ በርሱ ይጣበቅና ቀድሞ የሚፈሰው ነገር አንድ ጓል ይሆናል። እኔ ይህን በቅርብ ያየሁት አንድ ቀን የቀለጠ ቸኮሌት እንዳይቀዘቅዝብኝ ብዬ የትኩስ ድስት ክዳን ደፍቼበት መልሼ ሳነሳው ነው። ክዳኑ ካላበው ውሃ አንዲት ጠብታ ወረደች፤ ጠብታዋ ባረፈችበት ዙሪያ መጀመሪያ የቸኮሌቱ ውበት ፈዘዘ፣ ማማሰያውን ሁለት ጊዜ ሳዞረው ጠርዙ ሻከረ፣ ጥቂት ቆይቶም ሁሉም በአንድነት ከማማሰያው ጋር መነሳት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የምጠቀምባቸውን ሳህን፣ ማንኪያና ፎርማ ሁሉ ከታጠቡ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ሳልወለውል ሥራ አልጀምርም።

የጓጎለውን ግን አይጣሉት። ጥቂት ውሃ የሚያበላሸውን ያህል በርከት ያለ ፈሳሽ ያድነዋል፤ ስኳሩ የሚሟሟበት በቂ ፈሳሽ ሲያገኝ ጓሉ ይፈታልና። ለ100 ግራም ቸኮሌት ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ፈሳሽ እያከሉ፣ አንድ ማንኪያ በጨመሩ ቁጥር በደንብ እያሹ ይቀጥሉ፤ ድንገት ለስልሶ እንደ ወፍራም መረቅ ሲሆን ያዩታል። ለዚህ ሥራ ከውሃ ይልቅ እኔ የምመርጠው እናቶቻችን ለጾም ፍትፍት የሚያዘጋጁትን ሱፍ ነው፤ ታጥቦ ተቀቅሎ ከተወቀጠ ወይም ከተፈጨ በኋላ በውሃ ተበጥብጦ በጥሩ ወንፊት የሚጠለለው ነጭ ፈሳሽ የራሱ ቅባት ስላለው ቸኮሌቱን ወተት የገባበት ያህል ያለሰልሰዋል። የአኩሪ አተር ወይም የአጃ ወተት ካለዎትም ይሆናል። እንዲህ የዳነ ቸኮሌት ተመልሶ ደረቅ ቅርጽ አይይዝም፤ ዳቦ ላይ ለመቀባት ወይም ቀዝቅዞ ሲጠነክር በእጅ አድቦልቡሎ ኮኮዋ ዱቄት ላይ ለማንከባለል ግን እጅግ ተስማሚ ነው። ውሃነት ስላለው ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ መበላት አለበት።

ለወደፊቱ ሲያቀልጡ ድስቱን በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱ። በትንሽ ድስት ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ አፍልተው ከምድጃው ካወረዱ በኋላ፣ የተከተፈውን ቸኮሌት የያዘ ደረቅ ጎድጓዳ ሳህን ከላይ ያስቀምጡ፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን እንዳይነካ፣ በጠርዙም እንፋሎት እንዳያመልጥ ሳህኑ ከድስቱ አፍ ሰፋ ያለ ይሁን። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ጥቁር ቸኮሌት ግን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ይበቃዋልና የሚፈላ ውሃ ላይ አብሮ መንተክተኩ ያሳርረዋል። በከሰል ምድጃ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ፍሙን መቀነስ ስለሚያስቸግር ድስቱን ማውረድ ግዴታ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ከኮኮዋ ዱቄት መሥራት ይቻላል፤ ለጀማሪ እንዲያውም ቀላሉ ይህ ነው። አንድ የቡና ሲኒ የቀለጠ የኮኮናት ዘይት፣ አንድ ሲኒ የተነፋ የኮኮዋ ዱቄት፣ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሲኒ ዱቄት ስኳርና አንዲት ቁንጥር ጨው ያዘጋጁ፤ ሲኒው ከቤት ቤት ቢለያይም ሁሉም በአንዱ እስከተለኩ ድረስ ልኩ አይዛነፍም። ዘይቱን ለብ አድርገው አቅልጠው ካወረዱ በኋላ ስኳሩን፣ ቀጥሎም ኮኮዋውን በወንፊት እየነፉ እየጨመሩ ምንም እብጠት እስኪጠፋ ድረስ ያማስሉ። ደረቅ የበረዶ ፎርማ ውስጥ ገልብጠው ፍሪጅ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ ፍሪጅ ለሌለው ቤት የደሴ ሌሊት ይበቃል።

ብዙ ሰው ሲበላው ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል ብሎ የሚያማርረው በተራው ስኳር ሲሠራ ነው፤ ስኳር የሚሟሟው በውሃ እንጂ በቅባት ስላልሆነ ዘይቱ ውስጥ ምንም ያህል ቢማሰል ፍሬው አይጠፋም። ዱቄት ስኳር ካላገኙ የቤትዎን ስኳር ደረቅ የቡና መፍጫ ውስጥ አልመው ፈጭተው በጥሩ ወንፊት ይንፉት። በማር ልተካው የሚሉ ጠያቂዎችም አሉ፤ ጥሩ ማር እንኳ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ውሃ ስላለው ቅባቱን ያለያየዋልና ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ አልመክርም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር የገባበትን ነገር ፈጽሞ አይስጡ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ ቁርስ ቤት አለኝ። ደሴ ያለች ጓደኛዬ በኮኮናት ዘይት የምትሠራውን ቸኮሌት አስተምራኝ በዚያው ልክ ብሠራም፣ የእርሷ መደርደሪያ ላይ ደርቆ ሲውል የእኔ ከሰዓት በኋላ ይፈሳል። ከፍሪጅ ሳወጣው ደግሞ ላዩ ነጭ ይሆናል፤ ደንበኞች ሻግቷል ብለው ይመልሱልኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጓደኛዎ በሙያ በልጣዎት አይደለም፤ የምትኖርበት አየር ረድቷት ነው። የኮኮናት ዘይት የሚቀልጠው በ24 ዲግሪ ገደማ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የቤት ውስጥ አየሯ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ይውላል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ተወርዶ የምትገኘው ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል የቀትሯ ሙቀት በቀላሉ ያልፈዋል። ይህንን እኔም በራሴ እጅ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ ልደት በጾም ቀን ስለዋለ ደሴ ላይ ሠርቼ፣ ሲሰበር ድምፅ የሚሰጥ እስኪሆን አጠንክሬ፣ በወረቀት ሳጥን ደርድሬ በሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ቤቷ ደርሰን ሳጥኑን ስንከፍተው ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ በየረድፉ ያስቀመጥኳቸው ቸኮሌቶችም ማዕዘናቸው ጠፍቶ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ልጆቹ በማንኪያ በሉት፤ እኔ ግን በኮኮናት ዘይት የተሠራ ቸኮሌት ወደ ሞቃት ቦታ ይዤ ላለመውረድ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ለኮምቦልቻ የሚሆነው በኮኮዋ ቅቤ የተሠራ ጥቁር ቸኮሌት ነው። የኮኮዋ ቅቤ ስሙ ቅቤ ይባል እንጂ ከኮኮዋ ፍሬ የሚጨመቅ የዕፅ ቅባት ነው፤ የሚቀልጠውም በ34 ዲግሪ ገደማ፣ ከሰው አፍ ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሆነ እጅ ላይ ጠንክሮ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ሲገዙ በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ የኮኮዋ ቅቤ መኖሩን ይመልከቱ፤ የቸኮሌት ጣዕም አለው ተብሎ በሌላ የአትክልት ቅባት ብቻ የተሠራውን ለዚህ ሥራ አይግዙ።

ይህ ቸኮሌት ግን አንዴ ከቀለጠ ዝም ብሎ ቢረጋ ይለሰልሳል፣ ላዩም ይደበዝዛል፤ ቅባቱ በትክክለኛው አኳኋን እንዲረጋ ማሞቁና ማቀዝቀዙ ሥርዓት አለው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው እስከ 45 ወይም 50 ዲግሪ ያቀልጥና እያማሰለ እስከ 27 ወይም 28 ድረስ አቀዝቅዞ እንደገና ወደ 31 ወይም 32 ይመልሰዋል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ካለዎት ቸኮሌት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ያቅልጡ፤ የቀረውን ሦስተኛ እጅ በደቃቁ ከትፈው ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያማስሉ። ያልቀለጠው ቸኮሌት ውስጥ በትክክል የረጋው ቅባት ለሌላው እንደ እርሾ ሆኖ ያገለግላል። በንጹሕ ማንኪያ ጥቂት ወስደው ከንፈርዎን ሲያስነኩት ቀዝቀዝ ካለ ደርሷል። የቢላዋ ጫፍ ነክረው ያቁሙት፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አብረቅርቆ ከደረቀ ወደ ፎርማው ይግባ፣ ካልደረቀ ደግሞ ጥቂት ቁራጭ ጨምረው ማማሰልዎን ይቀጥሉ። ይህንን ሥራ በማለዳ፣ ቤቱ ሳይሞቅ ይሥሩት። ለማቅጠን ብለው የኮኮናት ዘይት አይጨምሩበት፤ ሁለቱ ቅባቶች ሲቀላቀሉ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚሆኑት ይበልጥ ይለሰልሳሉና።

ነጩ ነገር ሻጋታ አይደለም። በጣትዎ ሲያሹት የሚጠፋና ቅባት ቅባት የሚል ከሆነ በሙቀት ምክንያት ወደ ላይ የወጣ ቅባት ነው፤ ደረቅና ሻካራ ከሆነ ግን ከፍሪጅ የወጣው ቀዝቃዛ ቸኮሌት ሞቃት አየር ሲያገኘው አልቦ ስኳሩ ሟሙቶ እንደገና ሲደርቅ የተረፈ ነው። የእርስዎ ሁለተኛው ይመስለኛል። ቸኮሌቱን በደንብ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ አድርገው ፍሪጅ ያስገቡ፤ ሲያወጡትም ዕቃው ራሱ እስኪሞቅ ድረስ ክዳኑን አይክፈቱ፣ ላቡ ከዕቃው ውጭ ይቀራል። ነጭ የሆነው ቢበላ ጉዳት የለውም፤ ለደንበኛ ማቅረብ ካልፈለጉ አቅልጠው ለኬክ ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ወተት ሲቀምስ ከንፈሩ ያብጣል፣ ሰውነቱም ሽፍ ይላል። ባለሱቁ “የጾም ነው” ብሎ የሰጠኝን ጥቁር ቸኮሌት ብሰጠው ሽፍታው ተመለሰበት። የጾም ከሆነ ወተት ከየት መጣ? የፍየል ወተት የገባበትስ ይሻለው ይሆን?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ይህ ደብዳቤ ከሁሉም ይልቅ አሳስቦኛል፤ የልጅዎ ጉዳይ ከጣዕም ጉዳይ ይበልጣልና። በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዳንድ ሰው ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋውና የሚያስቀምጠው በወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር የሚፈጨው ነገር ስለሚያንሰው ነው፤ ይህ ያስቸግራል እንጂ ጥቂት ቅምሻ ብዙ ጊዜ ለክፉ አይሰጥም። የከንፈር እብጠትና ሽፍታ ግን የአለርጂ ምልክት ነው፤ አለርጂ የሚነሣው ከወተቱ ፕሮቲን ሲሆን እጅግ ጥቂቱም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ልጅዎን ለሐኪም አሳይተው ጉዳዩን በትክክል ያስለዩ፤ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ካፏጨ፣ በተደጋጋሚ ካስመለሰው ወይም ምላሱና ጉሮሮው ካበጠ ግን ምንም ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ይሂዱ። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላም ወተት ፕሮቲን ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ይሻለዋል ተብሎ መሰጠት የለበትም።

የጾም የተባለው ቸኮሌት ውስጥ ወተት የሚገኝበት መንገድ አለ። ጥቁር ቸኮሌትና የወተት ቸኮሌት በአንድ ማሽን ሲመረቱ ከቀደመው የተረፈው ከኋለኛው ጋር ይቀላቀላል፤ አምራቾች ወተት ሊኖርበት ይችላል ብለው በማሸጊያው ላይ የሚጽፉት ለዚህ ነው። ለጿሚ ይህ የሕሊና ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ እርሱንም የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ያ ጽሑፍ “አትስጪው” ማለት ነው። የባለሱቁ ቃል በቅንነት የተነገረ ቢሆንም እዚህ ላይ አይበቃም፤ ማሸጊያውን ራስዎ ማንበብ ወይም ማስነበብ አለብዎት። ወደ ገበያችን የሚገባው ቸኮሌት ብዙው ከውጭ ስለሆነ ወተት በእንግሊዝኛ ሚልክ፣ በዐረብኛ ሐሊብ፣ በቱርክኛ ሱት ተብሎ ይጻፋል፤ ዌይ፣ ኬዚን፣ ኬዚኔት፣ ላክቶስ፣ የቅቤ ቅባት የሚሉትም ሁሉ ከወተት የሚወጡ ናቸው። ሌሲቲን የሚለው ብዙውን ጊዜ ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ አበባ የሚገኝ ስለሆነ አያስፈራም፤ የኮኮዋ ቅቤና የኦቾሎኒ ቅቤም ስማቸው ብቻ ነው።

ሰው የማይጠረጥራቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ለቡና ማንጫ የሚሸጠው ዱቄት ከወተት የተሠራ አይደለም የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ ኬዚኔት አለበት፤ የኮኮናት ወተት ዱቄትም እንዲሁ፤ ማርጋሪን ውስጥም ዌይ ሊኖር ይችላል። ለእርስዎ ቤት የሚሻለው ከላይ ለሆጤዋ እህታችን በነገርኳት መንገድ ከንጹሕ ኮኮዋ ዱቄትና ከኮኮናት ዘይት ራስዎ መሥራት ነው፤ የሁለቱንም ማሸጊያ ካነበቡ በኋላ ማለት ነው። ወንፊቱና ማማሰያው ወተት ነክ ነገር የማይነካቸው፣ ለልጁ ብቻ የተለዩ ቢሆኑ መልካም ነው፤ የእንጨት ማማሰያ በተለይ ቅቤ ከጠጣ ታጥቦ አይለቅም። ልጁ ገና ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ሙሉ የኦቾሎኒ ፍሬ አይጨምሩበት፣ ያንቀዋልና።

ጥያቄ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ወቅት ሲገጥሙ እኔ እና ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ሁለታችንም ጾመኞች ነን። ለኢፍጣሬ የምሠራው የቴምር ቸኮሌት ለእርሷም እንዲሆን ምን ምን ላስተውል?

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ ወሎን ለሚያውቅ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ቴምሩን ሰንጥቀው ፍሬውን ያውጡ፤ በምትኩ ከተቆላ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ የተፈጨ ወፍራም ቅቤ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ሞልተው ይግጠሙትና በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይዘው የቀለጠ ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ ይንከሩት። 100 ግራም ቸኮሌት ለ15 ያህል መካከለኛ ቴምር ይበቃል። ቴምሩን ማጠብ ካለብዎት ከአንድ ቀን በፊት አጥበው ያድርቁት፤ ስለ ውሃ የተናገርኩት እዚህም ይሠራል። ኦቾሎኒውን ሲለቅሙ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውንና ሻጋታ የነካውን ያስወግዱ፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመቁላት አይጠፋም።

ለጎረቤትዎ ሲሉ ቸኮሌቱ ወተት የሌለበት መሆኑን፣ ሳህኑም ቅቤ ያልነካው መሆኑን ያረጋግጡ። ለራስዎ ደግሞ ፈሳሹን ቫኒላ ይተዉት፤ ብዙው የሚዘጋጀው በአልኮል ስለሆነ በዱቄት ቫኒላ ወይም በጥቂት የተፈጨ ሄል ይተኩት፤ ሄል ከቴምር ጋር ከቫኒላም ይበልጥ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። እርሷ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እርስዎ ከመግሪብ በኋላ ከአንድ ሳህን ትበላላችሁ።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የጾም ቸኮሌት ኬክ ደሴ ላይ ስጋግር ሞልቶ ይነሣና መሐሉ ይሰምጣል። እንቁላል ስለሌለው ይሆን?

መልስ፦ ያለ እንቁላልም ኬክ ይቆማል። የሰመጠው መመሪያው የተጻፈው ለዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ቤኪንግ ሶዳው የሚፈጥረው አየር ከሚገባው በላይ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይበስል ያን ያህል ከተነሣ የሚሸከመው ስለሌለ ይወድቃል። ውሃውም ቶሎ ስለሚተን ኬኩ ይደርቃል። ስለዚህ ማስነሻውን በሩብ ያህል መቀነስ፣ ስኳሩን ጥቂት ማጉደል፣ ፈሳሹን መጨመርና እሳቱን በ10 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

እኔ ደሴ ላይ የምሠራበት ልክ ይህ ነው፦ 190 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 180 ግራም ስኳር፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድነት ይነፋል፤ 80 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት፣ 270 ሚሊ ሊትር ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጨመርበታል። አቼቶው ሶዳውን እንደነካ አየር መፍጠር ስለሚጀምር ከዚያ በኋላ መዘግየት አይገባም፤ ዱቄቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ አማስሎ፣ ቀድሞ 190 ዲግሪ በጋለ ኦቨን፣ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዘይት በተቀባ ፎርማ ለ30 ደቂቃ ያህል መጋገር ነው። ሊጡ ቀጭን መስሎ ቢያስደነግጥዎትም ዱቄት አይጨምሩ፤ ኦቨኑንም ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች አይክፈቱት። የአቼቶው ሽታ ሲጋገር ይጠፋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ አርሰው ቢጨምሩበት ኬኩ ሲቆረጥ አይፈረፈርም።

ጥያቄ፦ የኮኮናት ዘይት ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ያለ እርሱ ለልጆች የሚሆን አንዳች የቸኮሌት ነገር ይኖር ይሆን? ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ አለ፤ ለኮምቦልቻ ሙቀትም ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ጭኮ በቅቤ እንደሚታሸው ሁሉ በሶውን በኦቾሎኒ ቅቤ እሹት። ለአንድ ብርጭቆ በሶ 3 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ስኳርና ቁንጥር ጨው ቀላቅለው፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ በእጅዎ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ እስኪቀር ድረስ ያሹት፤ ቢደርቅብዎት አንድ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ያክሉበት። ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ እሳት አያስፈልገውም፤ በበሶ ፈንታ ጥሬ የስንዴ ዱቄት ግን አይጠቀሙ፣ ጥሬ ዱቄት ያልበሰለ ምግብ ነውና ልጆችን ሊያሳምም ይችላል። በዋልኑት መጠን አድቦልቡለው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፤ ውሃ እስካልነካው ድረስ ያለ ፍሪጅ አንድ ሳምንት ይቆያል።